በልጄ ስም የሰጠሁት ብልቃጥ

ይህን የምጽፍላችሁ በዲላ ገበያ ጫማ የምሸጥ ሴት ነኝ። ትምህርቴ አምስተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ ጽሑፌን ልጄ አይታ አርማልኛለች። ሁለት ቦታ ላይ ብዕሯን አስቀምጣ እየሳቀች "እማ፣ ይሄንንም ልትነግሪያቸው ነው?" ብላኛለች። አዎ፣ እነግራችኋለሁ። የሚያሳፍረውን ከቀነስኩት የሚቀር ታሪክ የለም።

መጀመሪያ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ ልንገራችሁ። የጎረቤት ሴቶች ያወጡልኝ ስም "በረኪና" ነው። ጎመን ሦስት ጊዜ አጥባለሁ። የመጠጥ ውሃ አፈላለሁ፣ አቀዘቅዛለሁ፣ ከዚያ ተጠራጥሬ ደግሜ አፈላለሁ። ባለቤቴ በቡና ወቅት ዱመርሶ በሚገኝ የቡና ማጠቢያ ስለሚሠራ ለወራት እዚያው ይቆያል፤ ሲመጣ ደጃፍ ላይ ጫማውን አስወልቄ፣ እግሩን አስታጥቤ ነው የማስገባው። "በገዛ ቤቱ በር ላይ የሚፈተሽ ሰው እኔ ብቻ ነኝ" ይላል። ታሪኳ የምትባል አንድ ልጅ ብቻ አለችን። እሷ ስታስነጥስ አልጋ የምይዘው እኔ ነኝ።

ታሪኳ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሳለች ጠዋት ጠዋት ጣቶቿ እየተገተሩ ብዕር መያዝ አቃታት። ቀጥሎ ጉንጮቿና አፍንጫዋ ላይ ቀይ ነገር ወጣ። ምች ነው ብለን ዳማከሴ ጨመቅንላት። አልሄደም። ከብዙ ምልልስና ከብዙ የደም ምርመራ በኋላ ስሙ ታወቀ፤ ሉፐስ አሉት። የምታክማት ዶክተር ወጣት ሴት ናት፤ ቀስ ብላ ነው የምታስረዳው። "ሰውነታችን ውስጥ በሽታን የሚከላከል ዘብ አለ" አለችኝ። "የታሪኳ ዘብ ጠላትና የቤት ሰው መለየት አቅቶት የገዛ ቤቱን ሰዎች እየደበደበ ነው።" ዘቡን ትንሽ የሚያለዝብ ክኒን ታዘዘላት፤ ጣቶቿም ተፈቱ። ፀሐይ እንዳይነካት ብቻ ተባለ።

በቀጣዩ ኅዳር ታሪኳ ኢዲዶ ያለችው አክስቷ ዘንድ ሄዳ ቡና ልልቀም ብላ ለመነችኝ። ሳምንት ሙሉ እንቢ አልኩ። በኋላ፣ የኢዲዶ ቡና ከትልልቅ ዛፍ ጥላ ሥር ስለሆነ ፀሐይ አያገኛትም ብዬ ቅዳሜ ቅዳሜ እንድትሄድ ፈቀድኩ። ሰፊ ባርኔጣ ገዛሁላት። እጀ ረጅም ሸሚዝ አለበስኳት። የፈላ ውሃ በጄሪካን አሸክሜ ልልካት ምንም አልቀረኝም። ከሱቄም አንድ ነጭ ሸራ ጫማ መረጥኩላት፤ ለሌላ ሰው ብሸጠው ደህና የሚያወጣ ጫማ ነበር። ጣቴንም አንስቼ "ጭቃ እንዳታስነኪው" አልኳት። ሦስት ቅዳሜ ሄደች። ሦስቱንም እሑድ ጫማው እንደ በረዶ ነጭ ሆኖ ተመለሰ። ለጎረቤቶቼ እያሳየሁ "የእኔ ልጅ እንዲህ ናት" እያልኩ ተኩራራሁ።

ጥር ላይ ፊቷና እግሮቿ ማበጥ ጀመሩ። ሆዷን አልፎ አልፎ ይቆርጣታል፣ ትንሽ ትስላለች፣ በወገቧ ዙሪያ ደግሞ ቀጭን ቀይ መስመር እየወጣ ያሳክካታል። ጠዋት አንድ ቦታ ያየሁት መስመር ከሰዓት በኋላ አንድ ጣት ያህል ፈቀቅ ብሎ አገኘዋለሁ። የዓይኔ ድካም ነው ብዬ ተውኩት። ሁሉንም ያው ሉፐሱ ያመጣው መሰለኝ።

ወደ ሆስፒታል ሄድን። ዶክተሯ የታሪኳን ሽንት አስመርምራ ፊቷ ከበድ አለ። በሽታው ኩላሊቷን መንካት ጀምሯል፤ ስለዚህ መድኃኒቱ በብዙ መጨመር አለበት፣ ከነገ ጠዋት ጀምሮ፣ ሳይዘገይ። ከዚያ በፊት ግን የሰገራ ምርመራ ፈለገች። ወደ ታሪኳ ዞራም "ባዶ እግርሽን እርጥብ አፈር ላይ ትሄጃለሽ?" ብላ ጠየቀቻት።

የመለስኩት እኔ ነኝ። "ዶክተር፣ እኔ እኮ ጫማ ነጋዴ ነኝ። የእኔ ልጅ ባዶ እግሯን መሬት ነክታ አታውቅም" አልኩ።

ታሪኳ የጥፍሯን ጫፍ ታይ ነበር። ያን ጊዜ ድካም መሰለኝ።

ላብራቶሪው ክዳን ያላት ትንሽ ብልቃጥ ሰጠን፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንደሚዘጋም ነገረን። ታሪኳ ሽንት ቤት ገብታ ግማሽ ሰዓት ቆየች። ውጭ የተሰለፈው ሰው በሩን ያንኳኳል። ባዶ ብልቃጥ ይዛ ወጣች፤ እንባዋ ቀርቧል። "አልመጣም እማ። ይሄ ሁሉ ሰው እያንኳኳብኝ እንዴት ይመጣል?" አለች። አሥራ አንድ ሊሆን ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል። ዛሬ ውጤት ከሌለ ነገ መድኃኒት የለም፤ መድኃኒት ከሌለ ኩላሊቷ ምን ይሆናል? ጭንቅላቴ ውስጥ የሚጮኸው ይህ ብቻ ነበር። ታሪኳን ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር አስቀምጬ "ስጪኝ፣ እኔ አስተካክለዋለሁ" አልኳት።

አዎ፣ እንደጠረጠራችሁት ነው። ብልቃጧን ሞልቼ የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ከራሴ። የምንበላው ከአንድ ድስት፣ የምንጠጣው ከአንድ ጆግ ነው፤ የእሷን ሆድ ከእኔ ሆድ ምን ይለየዋል? ልቤ እንዲህ አለኝ፤ እኔም ልቤን አመንኩት። ለታሪኳ "ለምኜ ምርመራውን አስቀረሁት" ብዬ ዋሸኋት።

ውጤቱን ይዤ ብቻዬን ወደ ዶክተሯ ገባሁ። ወረቀቱን አይታ ትከሻዋ ቀለል አለ። "ጎሽ፣ ንጹሕ ነው" አለች። "ይህን ነበር የፈራሁት እናቴ። አሁን የምሰጣት መድኃኒት ያን ዘብ ጭራሽ የሚያስተኛ ነው። በእግር በኩል ገብቶ አንጀት ውስጥ ዓመታት ተደብቆ የሚኖር ትል አለ። ዘቡ ነቅቶ ሳለ ብዙም አይጎዳም። ዘቡ ሲተኛ ግን እዚያው ይራባል፣ ወደ ሳንባና ወደ ደም ይበተናል። ሰው ይገድላል።"

ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ ከአፌ የወጣው "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ነው። በር ላይ ደርሼ ተመለስኩ፤ አሁንም አመሰገንኳት። ለሦስተኛ ጊዜ ስመለስ የሚቀጥለው ታካሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነበር። የመድኃኒቱን ከረጢት ደረቴ ላይ አቅፌ በባጃጅ ወደ ቤት ገባን። ታሪኳ መንገዱን ሙሉ ስለ ፈተናዋ ታወራኛለች፤ እኔ "ሰው ይገድላል" የሚለውን ቃል ነው የምሰማው።

እንዴት እንዳደርኩ አልነግራችሁም፤ ነጋ። አንድ ሰዓት ላይ ታሪኳ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣለች። ክኒኖቹ ትንሽ ሰሃን ላይ ናቸው፤ ምግብ በልታ እንድትውጣቸው ታዟል። የቡላ ገንፎ አቀረብኩላት። ጨረሰች። እጇ ወደ ክኒኑ ሲሄድ "ቆይ፣ ይሄ ለባዶ ሆድ ይከብዳል፣ ጨምሪ" ብዬ ሁለተኛ ሰሃን አቀረብኩ። እሱንም ጨረሰች። ሦስተኛ ላወጣ ስል እጄን ያዘችኝ።

"እማ፣ ልታደልቢኝ ነው ወይስ ልትሸጪኝ?"

ክኒኖቹን ከነሰሃናቸው አንስቼ ጭኔ ላይ አደረግኋቸው። "ትናንት የሰጠሁት ያንቺ አልነበረም" አልኩ።

"ምኑ?"

"ብልቃጡ።"

መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ዓይኗ ፈጠጠ፤ ከዚያ ሳቋ መጣ። ሆዷን ይዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ፣ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። "በረኪናዋ እናቴ" ትላለች፣ ደግሞ ትስቃለች። እኔ እያለቀስኩ ዶክተሯ ያለችውን ስነግራት ነው ሳቋ የቆመው። እንባዋን ጠረገች። በኋላ "እኔም የምናገረው አለኝ" አለች።

"ተናገሪ።"

"ለዶክተሯ ነው የምናገረው። ላንቺ ከነገርኩሽ አንቺ ነሽ የምትመልሽልኝ።"

ያን ቃል ያኔ አልመዘንኩትም፤ ሌላ ነገር ነበር የያዘኝ። የአሥራ ሰባት ዓመት ሴት ልጅ ከእናቷ ደብቃ ለሐኪም ብቻ የምትነግረው ነገር ምንድን ነው? እናንተ እናቶች ምን እንዳሰብኩ ታውቃላችሁ። ባጃጅ ውስጥ ገብተን ገና ዋናው አስፋልት ሳንደርስ አልቻልኩም፤ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብዬ "ወንድ ነው?" አልኳት። ባለባጃጁ የከፈተውን ዘፈን ቀነሰ። ታሪኳ ጮክ ብላ "ጋሼ፣ ዘፈኑን ይመልሱት፣ ወንድ አይደለም" አለችው። ሰውየው በመስታወቱ አየኝና "እንኳን ደስ አለዎት እናቴ" አለኝ። እስክንወርድ ድረስ ቀና አላልኩም።

ዶክተሯ በር ላይ ስታየኝ ለአራተኛ ምስጋና የመጣሁ መስሏት ፈገግ አለች። ቁጭ ብዬ ነገርኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ትቆጣለች ብዬ ጠበቅኩ።

"ክኒኑን ስንት ዋጠች?"

"አንድም። ይኸው።" ከረጢቱን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩ።

በረጅሙ ተነፈሰች። "እንግዲያው የተበላሸ ነገር የለም" አለች። ወደ ታሪኳ ዞራም ያንኑ የትናንቱን ጥያቄ ጠየቀቻት፤ ባዶ እግርሽን እርጥብ አፈር ላይ ሄደሽ ታውቂያለሽ?

ምላሴ ተንቀሳቀሰ። ታሪኳ ሳታየኝ እጇን ጉልበቴ ላይ አሳረፈች። ምላሴን ያዝኩ።

"ኅዳር ላይ ሦስት ቅዳሜ" አለች። "ኢዲዶ ቡና ስንለቅም። እማ የሰጠችኝ ጫማ ነጭ ነበር፤ ጭቃ እንዳታስነኪው አለችኝ። መሬቱ ደግሞ ከዛፉ ጥላ የተነሣ መቼም አይደርቅም። ስለዚህ ጫማዬን በክሩ አስሬ የቡናው ቅርንጫፍ ላይ እሰቅለዋለሁ። ማታ እግሬን ታጥቤ አወርደዋለሁ።"

ባርኔጣውን፣ እጀ ረጅሙን፣ የፈላውን ውሃ አሰብኩ። ከላይ እስከ ታች ሸፍኛት፣ መሬት የሚነካውን ብቻ በገዛ አፌ አስወልቄአታለሁ። ያን እንደ በረዶ የነጣ ጫማ ለጎረቤት ያሳየሁበትም እሑድ በዓይኔ መጣ። ስለሚንቀሳቀሰው ቀይ መስመርም ያን ጊዜ ተናገርኩ። ዶክተሯ የታሪኳን ሸሚዝ ገለጥ አድርጋ አየችና ብዙ አላወራችም፤ "አሁን የራስሽን ስጪኝ" ብቻ አለቻት።

እዚህ ላይ ሁለት ሰሃን ቡላ ገንፎ ምን እንደሚሠራ መናገር አያስፈልገኝም። ታሪኳ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ብልቃጧን ይዛ ወጣች፤ እንደ ፈተና ውጤት ከፍ አድርጋ።

ላብራቶሪው ግን ቆየ። እጅግ ቆየ። አግዳሚው ላይ ተቀምጠን ታሪኳ ስልኳን አውጥታ ስለ ትል ታነባለች። "እማ፣ አንዳንድ ትል እንደኔ ዓይነቱን ዘብ ያበርደዋል ብለው የሚያጠኑ ሰዎች አሉ ይላል። ምናልባት ባለውለታዬ ይሆናል፤ ይቆይልኝ?" አለች። በዚያ ጭንቀት ውስጥ የምትቀልድበት ልብ ከየት እንዳመጣች አላውቅም፤ ከእኔ እንዳልሆነ ግን እርግጠኛ ነኝ። በኋላ ዶክተሯን ጠየቀቻት፤ እውነት የሚጠና ነገር መሆኑን፣ ይህኛው ትል ግን ዘቡ የተኛበት ቤት ውስጥ የማይታመን እንግዳ መሆኑን ነገረቻት።

የላብራቶሪው ባለሙያ፣ ሽበት የጀመረው ጸጥተኛ ሰው፣ በሩን ከፍቶ ብቅ አለ። "የትናንቱ ናሙና የማን ነበር?" አለ። ዶክተሯ ነግራው ነበር መሰለኝ።

አግዳሚው ላይ ስምንት ሰው ተቀምጧል። "የእኔ" አልኩ።

"እርስዎ ንጹሕ ነዎት። ይኩሩ።" ሳቅ እንደያዘው ፊቱ ያስታውቃል። ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። "የዛሬው ውስጥ ግን አለ። ይምጡ፣ ይዩት።"

ማይክሮስኮፑ ላይ ዓይኔን ደቅኜ መጀመሪያ ያየሁት የገዛ ሽፋሽፍቴን ነው። ሲያስተካክልልኝ አንድ ብሩህ ክብ ሜዳ ታየኝ፤ መካከሉ ላይ ከክር የቀጠነ ነገር ይተጣጠፋል፣ ይዘረጋል፣ ይሮጣል። ሕይወት አለው። እኔ በረኪና ይዤ ወለል ስፈትግ እሱ በልጄ ሆድ ውስጥ ነበር። ያን ክኒን ጠዋት ብትውጠው ኖሮ ብዬ ሳስብ ማይክሮስኮፑን ለቅቄ ወደ ኋላ አፈገፈግኩ፤ ሰውየው ወንበር ሳበልኝ። "አይፍሩ" አለኝ። "የታየ ትል የተያዘ ትል ነው። የሚያስፈራው ያልታየው ነው።"

ዶክተሯ ሐዋሳ ላለው አስተማሪዋ ደውላ ተማከረች። የትሉ መድኃኒት በዚያኑ ቀን ተሰጣት፤ በታዘዘላት ቀንም ተደገመ። የኩላሊቱ መድኃኒት ከዚያ ቀጠለ፤ ከዶክተሯ ዓይን ሳትርቅ። ይህ ትል በአንድ ምርመራ ላይታይ ስለሚችል በየቀጠሮው ብልቃጥ እየያዝን ተመላለስን፤ ላብራቶሪው በር ላይ ስንደርስ ባለሙያው ሁልጊዜ "የማን ነው?" ይለኛል። ኢዲዶ ላለችው እህቴ ደውዬ ቤተሰቡ ሁሉ እንዲመረመር ስነግራት "አንቺ እዚያ ተራራ የሚያህል ጫማ ላይ ተቀምጠሽ እኛ በባዶ እግር፤ ትሉስ ምን ያድርግ?" አለችኝ። በሳምንቱ ለቤቱ ሰው ሁሉ የጭቃ ቦት ጭኜ ላክሁ።

እብጠቱ ቀስ በቀስ ጎደለ። ሳሉም፣ የሚሮጠው መስመርም ጠፉ። ሉፐሱ አልሄደም፤ እሱ አብሮን የሚኖር ነው፤ ግን አሁን ልጄ ክፍል ገብታ ትማራለች፣ ትስቃለች፣ ትጨቃጨቀኛለች።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ቤታችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ በሽታ ያለበት ሰው ካለ፣ ወይም ዘብ የሚያስተኛ መድኃኒት ሊጀምር ከሆነ፣ አፈር ረግጦ ያደገ መሆኑን ለሐኪም ንገሩ። የሚያሳፍር ቢመስላችሁም ንገሩ። እኔ ጥንቃቄ ማለት ማጠብ ይመስለኝ ነበር። ለካ ልጅ የምትናገረውን ዝም ብሎ መስማትም ጥንቃቄ ነው። ልጄ ያን ቀን እውነቱን አፏ ላይ ይዛ ተቀምጣ ነበር፤ ቀድሜ የመለስኩላት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ሐኪም ሲጠይቃት ምላሴን በጥርሴ እይዛለሁ። ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ አፌን የሚሞላ ቡላ ቢሰጠኝ ይሻላል።

ዘንድሮ ኅዳር ታሪኳ ዶክተሯን ራሷ ጠይቃ ኢዲዶ እንድትሄድ ተፈቀደላት። ቦት ከሱቄ አወረድኩ፤ ጥቁር፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ። እሑድ ማታ ደጃፍ ላይ ቆሜ ጠበቅኋት። ከባጃጅ ስትወርድ ቦቱ ጥቁር መሆኑ አይታወቅም፤ ከታች እስከ ላይ ቀይ ጭቃ ነው። ደረጃዬ ላይ ጭቃው እየረገፈ ወጣች። በልማድ እጄ ወደ መጥረጊያው ሄደ።

"እማ፣ ላውልቀው?" አለችኝ።

"ቆይ" አልኳት። ጎረቤቶቼን ጠርቼ አሳየኋቸው።